ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው፦ ለተራራ የሚሆን ቀላል ትራይፖድ አመራረጥ

ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም በማይርቅ አንድ ካሜራ ቤት ገብቼ ቀላል ትራይፖድ ጠየቅሁ። ሻጩ ትሑት ወጣት ነው። ከመደርደሪያው አናት አንዱን አወረደና ሦስቱንም እግሮች እስከ መጨረሻው ዘረጋ፤ የመሃሉን ምሰሶ ወደ ላይ መዘዘ፤ ከዚያም በሁለት እጁ ተደገፈበት። «አዩ ጋሼ፣ ሃያ ኪሎ ይሸከማል፤ ራሱ ግን ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም» አለኝ። ቴሌስኮፔን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሰርሁበትና በበሩ አሻግሬ ማዶ ያለ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ላይ አነጣጠርሁ። አንዱን እግር በጣቴ ጫፍ መታ አድርጌ ፊደሎቹ እስኪረጉ ድረስ ቆጠርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። «ልጄ፣ አንተን ችሎሃል፤ የእኔን ዓይን ግን አልቻለም» ብዬ መለስሁለት። ሳቀ፤ እኔም ሳልገዛ ወጣሁ።

በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ መጀመሪያ ከአዳኞች ጋር፣ በኋላም ጠመንጃ ከማይዙ እንግዶች ጋር ብዙ ጧት አሳልፌያለሁ። የሁለቱም ሥራ ዘጠኝ እጁ አንድ ነው፤ ተቀምጦ ማየት። ስለዚህ ይህ መመሪያ ፈቃድ ይዞ ለሚያድንም፣ ቀይ ቀበሮና ዋልያ ለማየት ብቻ ለሚወጣም ያገለግላል። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ሰው ሁሉ ቀላል ትራይፖድ ሲፈልግ ከክብደቱ ይጀምራል፤ መጀመር ያለበት ግን ከቁመቱ ነው። ቆሞ ለማየት የሚገዛ ሰው ወይ ከባድ ይገዛል፣ ወይ የሚንቀጠቀጥ። ለመቀመጫ ቁመት የሚገዛ ሰው ግን ቀላልም የረጋም ያገኛል።

የሚጫነውን መዝኑ

ትራይፖድ ብቻውን አይመረጥም። 10 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት ሌንሱ 42 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የርቀት ማያ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ ከ650 እስከ 850 ግራም ይመዝናል። ባለ 65 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከዓይን በኩል ሌንሱ ጋር ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ፣ ባለ 80 ወይም 85 ሚሊሜትሩ ደግሞ 2 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሳጥኑ ላይ በተጻፈው ቁጥር አትርኩ። ከነሽፋኑ፣ ከነማንገቻውና ከነማያያዣው ሚዛን ላይ አስቀምጡት። እኔ የመዘንሁት ሰፈራችን ካለች ቲማቲም ሻጭ ዘንድ ነው፤ «ይሄኛው ደግሞ ኪሎው ስንት ነው?» ብላ ስቃብኛለች።

ይህን ሁሉ ለምን እንደምናደርግ የማይገባው ሰው ይኖራል። መነጽሩ 10 እጥፍ ሲያቀርብ የእጅን መንቀጥቀጥም 10 እጥፍ ያጎላል። ቴሌስኮፕ ላይ ስትወጡ ነገሩ ይብሳል። የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ማለት በዓይን የማትለዩት ንቅናቄ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ግን 29 ሴንቲሜትር ይሆናል። የአንድ ዋልያ ጭንቅላት በዚያች ንቅናቄ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

«ሃያ ኪሎ ይሸከማል» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ገዢ ያታልላል። አምራቾች ሁሉ የሚስማሙበት አንድ የአለካክ ደንብ የለም። አንዱ እግሩ ሳይሰበር የሚችለውን ክብደት ይጽፋል፣ ሌላው የትራይፖዱ ራስ፣ ማለትም ቴሌስኮፑ የሚታሰርበት የላይኛው ክፍል፣ ሳይንሸራተት የሚይዘውን ይጽፋል። ሁለቱም ቢሆኑ ምስሉ ምን ያህል እንደሚረጋ አይነግሯችሁም። ቁጥሩን ተዉትና የራሳችሁን ገደብ አውጡ። የእኔ ገደብ፣ እግሩና ራሱ ተደምረው፣ ለመነጽር ብቻ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ፣ ለባለ 65 ቴሌስኮፕ ከ1.4 እስከ 1.8 ኪሎ ነው። ለባለ 85ቱ ከ2 ኪሎ በታች የሆነ ትራይፖድ ስታገኙ ከመደሰት በፊት ተጠራጠሩ።

ወለል ላይ ቁጭ በሉና ሜትር አምጡ

ባሌ ውስጥ ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሜዳ አለ። የደጋ አጋዘን፣ ማለትም በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ኒያላ፣ ጧት ሜዳው ላይ ሲግጥ ማንም ያየዋል። ፀሐይ ስትጠነክር ግን ወደ አስታው ቁጥቋጦ ይገባና ይተኛል። ያኔ የሚያጋልጠው ጆሮው ነው። ዝንብ ሲያባርር አንዴ ይወዛወዛል፤ ከዚያ አምስት ደቂቃ ምንም የለም። ያንን ጆሮ ለማግኘት አንዱን ቁጥቋጦ ሳትለቁ ግማሽ ሰዓት ማየት ይኖርባችኋል። ግማሽ ሰዓት ቆሞ የሚያይ ሰው እስካሁን አላየሁም። አስር ደቂቃ ይቆምና ወገቡን ይዞ ይቀመጣል። ከዚህም ሌላ፣ ሸንተረር ላይ የቆመ ሰው ከሰማዩ ጋር ተቃርኖ ከሩቅ ይታያል፤ እንስሳው ከእናንተ ቀድሞ ያያችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ሳትደገፉ፣ ተራራ ላይ እንደምትቀመጡት ተቀመጡ። አንድ ሰው ከወለሉ እስከ ዓይናችሁ ድረስ በሜትር ይለካ። እኔ ቁመቴ 1.72 ነው፤ ስቀመጥ ዓይኔ 76 ሴንቲሜትር ላይ ይውላል፤ ስቆም 1.60 ላይ። አሁን ቀንሱ። የትራይፖዱ ራስ 10 ሴንቲሜትር ያህል፣ መነጽሩና ማያያዣው 8 ያህል ይወስዳሉ። ለመቀመጫ የሚያስፈልገኝ የእግር ከፍታ 58 ሴንቲሜትር ነው። ለመቆሚያ 1.42 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው 84 ሴንቲሜትር ቱቦ ቀኑን ሙሉ ጀርባዬ ላይ ተጭኖ የሚውል፣ ሥራ ላይ ግን በቀን ምናልባት አምስት ደቂቃ የሚውል ነገር ነው።

እንደዚያም ሆኖ 58 ብቻ የሚደርስ ትራይፖድ ግዙ አልልም። ድንጋይ ላይ የምትቀመጡበት፣ በጉልበታችሁ የምትንበረከኩበት፣ አስታው ከፊታችሁ የሚከልልበት ጊዜ አለ። የመሃሉ ምሰሶ ሳይመዘዝ ከ105 እስከ 125 ሴንቲሜትር የሚደርስ እግር ይህን ሁሉ ይችላል። ዝቅ ሲልስ ስንት ላይ ይቆማል ብላችሁም ጠይቁ። ረጅም ምሰሶ ያለው ትራይፖድ እግሩ በሰፊው ቢከፈትም ምሰሶው መሬት ነክቶ ያስቆመዋል፤ ስለዚህ ምሰሶው አጭር ወይም የሚወልቅ ይሁን።

እዚህ ላይ የቴሌስኮፑ ዓይነት ይገባል። የዓይን በኩል ሌንሱ ወደ ላይ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቴሌስኮፕ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ከላይ ወደ ታች አጎንብሳችሁ ስለምታዩ ትራይፖዱ ዝቅ ቢል አይቸግርም፤ በዚያው 120 ሴንቲሜትር ላይ ቆማችሁም ትንሽ ጎንበስ ብላችሁ ታያላችሁ። ረጅሙ እንግዳ ጎንበስ፣ አጭሩ ቀና ብሎ በተራ ያያል፤ ማንም ሲመጣ ቁመቱን ማስተካከል አያስፈልግም። ቀጥ ያለው ቴሌስኮፕ ደግሞ እንስሳውን ቶሎ ለማግኘትና ከገደል አፍ ቁልቁል ለማየት ይሻላል፤ ትራይፖዱን ግን ከፍ አድርጉልኝ ይላል። ገና ካልገዛችሁና ክብደት የሚያሳስባችሁ ከሆነ ያዘነበለውን ግዙ።

ጉልበቱ የማይታጠፍለት ሰውስ? ታጣፊ በርጩማ ይያዝ። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ በርጩማ ይገኛል፤ ረጅም ትራይፖድ ከመሸከም ይቀላል፣ መቀመጫም አይበርደውም።

እግሩን እንደ ምሰሶ ሳይሆን እንደ ሸምበቆ እዩት

የቱቦ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። የግድግዳቸው ውፍረት አንድ የሆነ፣ ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ሁለት ቱቦዎች ብትወስዱ፣ 28 ሚሊሜትሩ 22 ሚሊሜትሩን ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ሂሳቡ የሚሄደው ውፍረት ሲባዛ በውፍረት ሲባዛ በውፍረት ተብሎ ነው። ስድስት ሚሊሜትር የምታህል ልዩነት ሱቅ ውስጥ በዓይን አትታይም፤ ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን ትታያለች። ስለዚህ ከላይ ያለው ወፍራሙ ቱቦ ለመነጽር ከ22 እስከ 25፣ ለቴሌስኮፕ 28 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን።

ከዚያ ክፍሎቹን ቁጠሩ። እግር ከሦስት፣ ከአራት ወይም ከአምስት ክፍል ይሠራል። ክፍል በበዛ ቁጥር ሲታጠፍ ያጥራል፤ ነገር ግን አንዱ በአንዱ ውስጥ ስለሚገባ የመጨረሻው ቱቦ እየቀጠነ ይሄዳል። አምስት ክፍል ያለው ትራይፖድ ተጣጥፎ በእጅ ቦርሳ ይገባል፣ የታችኛው እግሩ ግን የእስክሪብቶ ወንድም ነው። እኔ አራት ክፍል ያለውን እመርጣለሁ፤ ከዚያም የመጨረሻውን ቀጭን ክፍል አልዘረጋውም። ምክንያቱም ለመቀመጫ የምፈልገውን ከፍታ ከላይ ያሉት ወፍራሞቹ ብቻ ይሰጡኛል። ለመቀመጫ መግዛት የሚያተርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያው ትራይፖድ፣ ያው ኪሎ፣ ግን በወፍራም እግሩ ብቻ ቆሞ። ስትዘረጉ ሁልጊዜ ከላይ ጀምሩ። ቀጭኑን አስቀድሞ የሚመዝዝ ሰው ባየሁ ቁጥር እጄን ያሳክከኛል።

የመሃሉ ምሰሶ እስከ መጨረሻው ሲመዘዝ በሦስት እግር አናት ላይ አንድ እግር መትከል ማለት ነው። ሻጮች ግን ሳጥኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቁመት የሚያገኙት እሱን መዘው ነው። «ምሰሶው ሳይወጣ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካላወቁ በሜትራችሁ ለኩ።

መቆለፊያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየተጠመዘዘ የሚጠብቅ፣ ሌላው እንደ ቁልፍ ተገልብጦ የሚነክስ። የሚጠመዘዘው ቁጥቋጦ አይጎትተውም፣ ነገር ግን አሸዋ ሲገባበት ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ይጮኻል። የሚገለበጠው ተከፍቶ ወይም ተዘግቶ እንደሆነ በአንድ ዓይን ይታያል፤ ሲላላም በብሩጎላ፣ በባለ ስድስት ጎኗ መፍቻ፣ ይጠበቃል። የቱንም ብትመርጡ የሱፍ ጓንት አድርጋችሁ ሞክሩት። ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ነው፤ ጧት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ጣት የሚታዘዘው ለትልቅ ነገር ብቻ ነው።

የእግሩ ጫፍ ላይ ጎማ ቢሆን ለድንጋይ ይበቃል። ጎማው ተሽከርክሮ ሲገባ ሹል ብረት የሚያወጣ ካገኛችሁ መንዝ ላይ በጓሳ ሣር ውስጥ ትመርቁኛላችሁ።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም?

ካርቦን ፋይበር በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 1.6 ግራም ገደማ፣ አሉሚኒየም 2.7 ግራም ነው። ሙሉ ትራይፖድ ላይ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም፤ ብሎኑ፣ መጋጠሚያውና ራሱ በሁለቱም ላይ ብረት ናቸውና። ከሦስት መቶ እስከ አምስት መቶ ግራም ብታተርፉ ነው። ካርቦኑ ንዝረትን ቶሎ ያበርዳል፣ ጧትም እጅ አያቃጥልም። ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ እጥፍ ነው።

ካርቦን ሲጎዳ ደግሞ አይጎብጥም፣ ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ ጭነት በቅሎ ላይ ትራይፖዴን ከድንኳኑ ጥቅልል ጎን አሰርሁት። በቅሎዋ ዳገቱን ጨርሳ ሜዳ ስታገኝ እንደ ልማዷ ተንከባለለች። የሰማሁት ድምፅ ደረቅ ሸምበቆ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ነበር። ባለበቅሎው ሽማግሌ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞረው «ዓይንህን በቅሎ ላይ ጫንኸው?» አሉኝ። የባሕር ዛፍ እንጨት በሁለት በኩል አድርገን በላስቲክ ጠቅልለን አሰርነው፤ አራት ቀን ሠራ። አሉሚኒየም ቢሆን ይጎብጥ ነበር፤ ጎብጦም ምናልባት ይቆም ነበር።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። ራሳችሁ የምትሸከሙት ከሆነና ገንዘቡ ካለ ካርቦን። ትራይፖዱ በመኪና ጣሪያና በበቅሎ የሚውል ከሆነ ወይም ገንዘቡ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ ወፍራም አሉሚኒየም ግዙና የተረፈውን ለራሱ አውጡት። አሉሚኒየሙን የብስክሌት መሪ መጠቅለያ ብታለብሱት ቅዝቃዜው ይረሳል። ቀጭን ካርቦን ከወፍራም አሉሚኒየም ይሻላል ብሎ የሚከራከራችሁ ሰው ካለ ጣታችሁን አውጡና እግሩን መታ አድርጉ።

ራሱ ላይ አትቆጥቡ

ካሜራ ቤት ስትገቡ ከእግሩ ጋር የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ ኳስ ያለበት ራስ ነው። ለፎቶግራፍ ጥሩ ነው፤ ቴሌስኮፕ ላይ ግን ያስቸግራል። ኳሱን ስታላሉት በሁሉም አቅጣጫ አንድ ጊዜ ይለቃል፣ ከባዱ ቴሌስኮፕም በአፍንጫው ይደፋል፤ ጣት ከሥሩ ካለ ጣት ይቆነጥጣል። ስታጠብቁት ደግሞ ምስሉ በመጨረሻዋ ቅጽበት ትንሽ ይወርዳል። በ60 እጥፍ ያቺ ትንሽ ማለት እንስሳው ከዓይናችሁ ወጣ ማለት ነው።

የምትፈልጉት ረጅም እጀታ ያለው፣ ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች ብቻ የሚሄድ፣ ውስጡ ወፍራም ቅባት ያለበት የቪዲዮ ራስ ነው። ቀላሎቹ ከ300 እስከ 600 ግራም ይመዝናሉ። አንድን ገደል እንደ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ለማንበብ የሚያስችላችሁ እሱ ነው። አንድ መስመር ታያላችሁ፤ እጀታውን በጣት ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ግራ ትመለሳላችሁ። ሱቅ ውስጥ ቴሌስኮፑን ጫኑና እጀታውን ልቀቁት። ባለበት ከቆመ፣ በአንድ ጣት ስትገፉት ሳይዘል ከሄደ፣ ስትተዉትም ወደ ኋላ ካልተመለሰ ተገኝቷል። ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን በሊቀ መላእክት ስም ቢምሉላችሁ አትግዙት።

ለመነጽር ብቻ ከሆነ ትንሽ ኳስ ራስ ይበቃል፤ መነጽር ሚዛኑ መሃሉ ላይ ስለሆነ አይደፋም።

ለአዳኞች አንድ ቃል ልጨምር። የጠመንጃ መነጽር መፈለጊያ አይደለም፤ በእሱ የምታዩት ሁሉ በአፈሙዙ ፊት ነው፣ እረኛም ሊሆን ይችላል። ከደጋ አጋዘን ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ የቀንዱን ርዝመትና የጫፉን መበላት አይታችሁ «ይህ ያረጀ ነው» ለማለት የረጋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ፈቃዱ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ደግሞ አደን የለም።

ብሎንና ፕሌት

የቴሌስኮፕና የካሜራ ቀዳዳ የሩብ ኢንች ብሎን ይወስዳል፤ ከእግሩ ወደ ራሱ የሚገባው ብዙ ጊዜ ወፍራሙ፣ የኢንች ሦስት ስምንተኛው ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ትንሽ የነሐስ መቀየሪያ ቀለበት አለ። መነጽር ላይ ቀዳዳው የሚገኘው ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ቱቦዎች በሚታጠፉበት ማጠፊያ ጫፍ ላይ ነው፤ የምርቱ ስም የተጻፈባትን ክብ ክዳን ወደ ግራ ስታዞሯት ትወጣለች። ሁሉም መነጽር ላይ ግን የለም፤ ማያያዣ ከመግዛታችሁ በፊት አዙሯት። ከሌለ ጋቢ አጥፋችሁ ራሱ ላይ አድርጉና መነጽሩን በማንገቻ እሰሩበት። ያምራል አልልም፣ ይሠራል ግን። ፕሌቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑ ሥር በብሎን ታስሮ ራሱ ላይ የሚነክሰው ጠፍጣፋ ብረት፣ 38 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ አርካ የሚባለው ዓይነት ቢሆን በኋላ ሌላ ራስ ስትገዙ አትቸገሩም።

ሱቅ ውስጥና ቤት ውስጥ መፈተን

የራሳችሁን ቴሌስኮፕ ሳትይዙ ሱቅ አትሂዱ። ትራይፖዱን በመቀመጫችሁ ከፍታ ላይ አቁሙ፣ 40 እጥፍ አድርጉ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ላይ አነጣጥሩና አንዱን እግር መታ አድርጉ። ከሁለት ሰከንድ በፊት የሚረጋ ጥሩ ነው። ሦስት ይታገሡታል። አምስት ከሆነ ያው የእኔ ዓይነት ሱቅ ገብታችኋል ማለት ነው።

መሃል ከተማ ላይ የምታነጣጥሩበትን ምረጡ። ከቸርችል ጎዳና ግርጌ ሆኖ ሽቅብ ለሚያይ የማዘጋጃ ቤቱ የሰዓት ማማ ለፈተና እንደተሠራ ነው። እኔ ግን አላነጣጥርበትም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲና የጥበቃ ሰው ባለበት ሁሉ ቴሌስኮፕ መቀሰር ቀናችሁን ሙሉ «ምን እያየህ ነበር?» ለሚል ጥያቄ ስትመልሱ እንድትውሉ ያደርጋል። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሕንጻ ክሬን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይበቃል።

ሻጩ አንድ ቀን ቤት ወስዳችሁ እንድትሞክሩት ከፈቀደ ሌላ ዘዴ አለኝ። መንገድ ላይ ለልጆች የሚሸጠውን ቀይ የሌዘር መብራት በላስቲክ ራሱ ላይ እሰሩት። የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ጫፍ ላይ ማንም በማያልፍበት ሰዓት አቁሙና መብራቱን ማዶ ግድግዳ ላይ አሳርፉ። ነጥቧ የምታርፍበት ላይ ወረቀት ለጥፉ። እግሩን መታ ስታደርጉ ነጥቧ ትጨፍራለች፤ ጭፈራዋ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ወረቀቱ ላይ ታያላችሁ። መጀመሪያ ምሰሶው ገብቶ፣ ከዚያ ወጥቶ፣ ከዚያ ቀጭኑ እግር ተመዝዞ ሞክሩት። ሁለት ትራይፖድ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ዳኛ አላገኘሁም። የሰው ዓይን ላይ እንዳታበሩ፤ ልጆች ካሉ በር ዝጉ።

እንጦጦ ላይ አንድ ጧት

ባሌ ከመሄዳችሁ በፊት ጀርባችሁን ለከተማው ሰጥታችሁ ከእንጦጦ ሸንተረር ወደ ሱሉልታ ሜዳ እዩ። ሁሉንም ዕቃ ራሳችሁ ተሸክማችሁ ውጡ፤ 3,000 ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ምን እንደሆነ ሳንባችሁ ይነግራችኋል።

ቁልቁለት ላይ ሁለቱን እግሮች ወደ ታች፣ አንዱን ወደ እናንተ አድርጉ፤ የእናንተኛው አጥሮ በጉልበቶቻችሁ መካከል ይግባ። እግሮቹን ከለመደው በላይ ከፍታችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ነፋስ የሚይዘው ያንሳል። ብዙ ሰው ቦርሳውን ከመሃሉ መንጠቆ ላይ ያንጠለጥላል። ነፋስ ከሌለ ይረዳል፤ ነፋስ ካለ ቦርሳው እንደ ደወል እየተወዛወዘ ምስሉን ይዞት ይሄዳል። ገመዱን አስረዝሙና ቦርሳው ግማሽ አካሉ መሬት ላይ ይረፍ፣ ገመዱ ግን ይወጠር። ሳነቴ ላይ ከጅብራ ግንድ ወይም ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ መቀመጥ ከየትኛውም ውድ ትራይፖድ በላይ ያረጋችኋል።

በ20 እጥፍ ፈልጉ፣ ካገኛችሁ በኋላ ወደ 40 ውጡ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ያሉትን ላሞች ቀንድ ቁጠሩ። ረፋድ ላይ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ እንደሚፈላ ውኃ ይርገበገባል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የትራይፖዱ አይደለምና ማጉያውን ቀንሱ ወይም ቡና ጠጡ። እግሩን መታ ስታደርጉ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የትራይፖዱ ነው፤ ሳትነኩት የሚርገበገብ ከሆነ የአየሩ ነው። ዓይናችሁን ሌንሱ ላይ ስታስጠጉ ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ትራይፖዱ አንሷችኋል ወይም በዝቷችኋል ማለት ነው፤ አንገታችሁን ሳይሆን እግሩን አስተካክሉ።

ባሌ ስትደርሱ የዚህ ሁሉ ዋጋ አንድ ቦታ ላይ ይታያል። ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ ደርቆ ይቆማል። አንዳንዴ አስር ደቂቃ። እሱ ሳይንቀሳቀስ እናንተም ሳትንቀሳቀሱ ካቆያችሁት የፊት እግሩ ስትነሣ ታያላችሁ።

ከውጭ ለሚያስመጡ

ትራይፖዱ ብቻውን ብዙ አያነጋግርም። ርቀት ማያ መነጽርና ቴሌስኮፕ ግን አየር ማረፊያ ላይ ፈቃድ ሲጠየቅባቸውና ሲያዙ ቆይተዋል። ዘመድ «ላምጣልህ» ሲላችሁ ደስ ብሏችሁ ዝም ከማለት በፊት ጉምሩክ ሄዳችሁ የወቅቱን ደንብ ጠይቁ።

ቦርሳ ውስጥ የምትገባ ከረጢት

አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይኑራችሁ። ውስጧ ለመቆለፊያው የሚሆን ብሩጎላ፣ ትርፍ የሩብ ኢንች ብሎን፣ ሁለት ሜትር ቀጭን ገመድ፣ የተጠቀለለ ላስቲክ፣ የጥርስ ብሩሽና አንድ ሳንቲም ይግቡ። ሳንቲሙ የፕሌቱን ብሎን ለማጥበቅ ነው፤ ብዙዎቹ ብሎኖች መሃላቸው የተሰነጠቀው ለዚያ ነው። ብሩሹ ከጭቃ በኋላ የመቆለፊያውን ጥርስ ለማጽዳት ይሆናል፤ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፣ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት፣ ሳይደርቅ አትጠፉት። እኔ ሳንቲሙን ሁለት ጊዜ ለሻይ ከፍዬበት ስለማውቅ አሁን ቀዳዳ አስበስቼ ከብሩጎላው ጋር በሽቦ አስሬዋለሁ።